የእትዬ ጥይት ጉልበት

«ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሰው አይደለም አሉ» ይላሉ እትዬ ትርሲት።

ጠዋት የልብስ ስፌት ሱቃችንን ሲከፍቱ ይሉታል። ክር በመርፌ ሲያስገቡ ይሉታል። ደንበኛ ልኬት ማሽኑ ውስጥ እጁን ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ በቆመበት ሰዓት እንኳ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለው ይሉታል። ደንበኛው ይደነግጥና ልኬቱ ይበላሻል። የተበላሸውን የማቃናው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ማን ነው ያለው?» እላቸዋለሁ።

«ሰዎች ናቸዋ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«አንቺ ልጅ፣ ወሬ ሁሉ መታወቂያ ይዞ ይምጣ ልትዪ ነው እንዴ?»

ይህ የሆነው አዳማ ውስጥ፣ በ2071 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተማችን በ«ምሽግ» የተኩስ ጨዋታ ከሃያ ስድስት ከተሞች አሥራ ዘጠነኛ ነበረች፤ ስለዚህ ውሃ የምናገኘው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። እስከ አሥረኛ ያሉት በየቀኑ ያገኛሉ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ስንተኛ ገባን?» ብሎ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆነ ነዋሪ ሁሉ በቀን ሁለት ሰዓት ይተኩሳል። የጎረቤታችን ሴትዮ ወጥ ጥደው ይተኩሳሉ፤ ሲሞቱ ወጡን ያማስላሉ፤ ሲነሱ ይመለሳሉ። ምራታቸውን የሚያሟት በሥነ ምግባሯ አይደለም፤ «ስትተኩስ ዓይኗን ትጨፍናለች» ብለው ነው።

ስንተኩስ የምንለብሰው የጨዋታው ኩባንያ ያዘጋጃቸውን ገጸ ባሕርያት ነው፤ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ፣ ወገባቸው እንደ ብርጭቆ የቀጠነ፣ ሁሉም የሚሮጡ፣ ሁሉም የተቆጡ። ከተማ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነዋሪ በገዛ እጁ የሠራውን ገጸ ባሕርይ ማስገባት ትችላለች። ያ ገጸ ባሕርይ ከገባ የከተማው ሰው ሁሉ እሱን ለብሶ ይተኩሳል። ከመግባቱ በፊት ግን መገምገም አለበት። ግምገማውም እኛ የምናውቀው ግምገማ ነው፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ግለሂስ፣ የመፍትሔ ሐሳብ፣ ልዩ ልዩ።

ስሜ ራኬብ ይፍሩ ነው። ቅርጽ መሥራት ያስተማረኝ የለም። የእትዬ ትርሲት ልኬት ማሽን ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሰው ስታስገባበት ምስሉን ባለ ሦስት ክንድ አድርጎ ያወጣዋል፣ ወይም አንገቱን ጎኑ ላይ ይተክልለታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ወደ ቦታው ስመልስ ኖሬአለሁ። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች የጡንቻ ስም ይዘረዝራሉ። እኔ ቀሚስ የት ጋ እንደሚሰበሰብ፣ ሱሪ በየትኛው ጉልበት ቀድሞ እንደሚሳሳ አያለሁ። ሰው ሲዋሽ በፊቱ ሊያታልለኝ ይችላል፤ በአቋቋሙ ግን አያታልለኝም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የሠራኋት ገጸ ባሕርይ እትዬ ጥይት ትባላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ወፈር ትላለች፣ ሻሿን ጆሮዋን ሸፍና ታስራለች፣ ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ ስለዚህ አትሮጥም። ሌሎቹ ሲሮጡና ሲሞቱ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቆያለች። ሁሉም ደክሟቸው ጥይታቸውን ሲጨርሱ ነው ቀስ ብላ፣ እያነከሰች፣ የምትደርሰው። በሙከራ ሜዳ ላይ ለሰፈራችን ሰዎች አልብሼ ሞከርኳት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባ ጥላ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞተች። ወጥ የሚያማስሉት ጎረቤታችን ወጡ አረረባቸው፤ ሳይሞቱ ቆይተው።

እትዬ ትርሲት መጀመሪያ ሲያዩዋት ተቆጡ።

«እኔ እንደዚህ ነው የምሄደው?»

«እንደዚህ ነው የሚሄዱት።»

«ውሸታም! ዝይ አስመሰልሽኝ!»

ከዚያ እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። በመስታወቱ በኩል እያዩ እንደገና ሄዱ። ሦስተኛ ሲመለሱ ግራ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ጉልበቴን እንዳትነኪብኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ ይህቺ ጉልበት ለማንም ጠቅማ አታውቅም።»

እንደማላስነካ ቃል ገባሁላቸው።

ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ «ፈገግታው ግለኝነት ይታይበታል» ተብሎ፣ ሁለተኛው ማመልከቻዬ ላይ ቀኑን ከፊርማው በላይ ስለጻፍኩ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሠሪ ደግሞ አራተኛ አያመለክትም፤ ዕድሜ ልኩን። ስለዚህ ይህ የመጨረሻዬ ነበር።

በግምገማው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሾፌር የሌለው ባጃጅ ዛሬም ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም ይላልና አረፈድኩ፤ ግን እኔ ስደርስ ኮሚቴውም አልጀመረም። ደንቡ «ባለጉዳይ በአካል፣ ኮሚቴ በምስል» ነው። ከአምስት ወንበሮች በላይ አምስት ምስሎች በሩ፤ እኔ በላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከሥጋዬና ከላቤ ጋር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከምስሉ ጀርባ ሰው ይኑር አይኑር መጠየቅ ክልክል ነው። ባለሥልጣንን «ሰው ነዎት?» ማለት ክብረ ነክ ተብሎ ያስከስሳል። እኔም አልጠየቅኩም። ግን እትዬ ትርሲት ለሦስት ወር ጆሮዬ ውስጥ የተከሉት ወሬ አብሮኝ ገብቶ ነበር፤ ገና ሳልቀመጥ አምስቱን በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። የትኛው ነው?

ሰብሳቢው አቶ ደቻሳ የባለፈውን ቃለ ጉባኤ ሲያጸድቁ ስልካቸው ጮኸ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው አራት ደቂቃ ስለ አንድ የቤት ካርታ አወሩ። ሰው ናቸው፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ እትዬ ጥይት በመሃላችን ቆመች፤ በቁመቷ ልክ፣ ጠመንጃዋን ይዛ።

«የትምህርት ማስረጃ?» አሉ አቶ ደቻሳ።

«እሷ ናት ማስረጃዬ።»

«የአንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔም የመለስኩት የእኔን ነው።»

ወይዘሮ ጀሚላ ቆሎ እየቆረጠሙ ሳቁ። «ምላሷስ! የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ይፍሩ የምትዪው ያ ወፍጮ ቤት የነበረው ነው?» ሰው ናቸው፣ አልኩ። ወይዘሮ ጀሚላ ቀጥለው ሻሹ ይነሳ አሉ፤ የገጸ ባሕርይ መታወቂያ ላይ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት። ስሙም ይቀየር፤ ጥይት የሚለው ቃል ለተኩስ ጨዋታ ከረር ይላል። «ወይዘሪት ሰላም» ቢባልስ?

አቶ ኃይለልዑል እጃቸውን አወጡ። «የእኔ ሐሳብ በወይዘሮ ጀሚላ ተነስቷል። ለማጠናከር ያህል ብቻ ነው» ብለው አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። ያለ ምንም ጥርጥር ሰው። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ጥያቄ አቀረቡ።

«አፈሙዙ ወዴት ነው ያነጣጠረው?»

«ወደ ጠላት።»

«ጠላት በየት በኩል ነው?»

«በመጣበት በኩል።»

«ስለዚህ ወደ ሰሜንም ልታነጣጥር ትችላለች?»

«ከመጣ።»

«ወደ ደቡብም?»

«ጋሼ፣ ትዞራለች እኮ፤ ሰው ናት።»

«ይኸው! ስትዞር ሁሉንም ክልል ታዳርሳለች ማለት ነው። አንድ ክልል ብትሆን በይቅርታ እናልፈው ነበር።» ጠመንጃው ወደ መሬት ይዞር ተባለ፤ ለሕዝብ አክብሮት ሲባል።

ጋሽ ወልደሰንበት ጥግ ላይ ያንኮራፉ ነበር። በመሃል ብንን ብለው «እደግፋለሁ» አሉና ተመልሰው ተኙ። ከዚህ የበለጠ ሰው ከየት ይመጣል?

የግለሂስ ተራ ደረሰ። ገጸ ባሕርይዋ በራሷ አንደበት ድክመቷን መናገር አለባት፤ ድምፁን እትዬ ትርሲት ናቸው የሰጡኝ። አጫወትኩት። የእሳቸው ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ «ድክመት ነው ያላችሁት? እ... ሰው ሲያወራ አቋርጣለሁ። ጉልበቴን ያመኛል። ሌላ እንኳ የለብኝም። ካለብኝ ደግሞ እናንተ ንገሩኝ፣ ለዚሁ አይደል የተሰበሰባችሁት?»

አቶ ደቻሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉልበቱን ራሷ አምናለች። ድክመት በሚለው ሥር ይያዝ።»

«ጉልበቷ ድክመት አይደለም» አልኩ። «ዘዴዋ ነው። ባያማት ኖሮ ትሮጥ ነበር፤ ብትሮጥ እንደ ሌሎቹ ትሞት ነበር። የሙከራውን ውጤት አያይዣለሁ።»

«ውጤቱን አላየነውም። ግን ከተማ የምትወክል ሴት ስታነክስ የውጭ ሰው ምን ይላል? ይቃና። ዕድሜዋም ወደ ሃያ አምስት ይውረድ፤ የወጣቱን ተሳትፎ እንድታሳይ።»

ይህን ጊዜ ነው አምስተኛዋ፣ ወይዘሮ ስንዱ፣ የተናገሩት።

እስከዚያ ሰዓት ቃል አልወጣቸውም። አልሳሉም፣ አላከኩም፣ ስልካቸው አልጮኸም። ከጅምሩ ጀምሮ እትዬ ጥይትን በጣታቸው ቀስ እያሉ ሲያዞሯት ነበር፤ ከኋላዋ፣ ከጎኗ፣ የጫማዋ ሶል በየት በኩል እንዳለቀ ሳይቀር።

«ጉልበቷን የሚያማት ደረጃ ስትወጣ ነው ስትወርድ?»

«ስትወርድ» አልኩ።

«ልክ ነሽ» አሉ። ከዚያም ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «የልዩነት ሐሳብ ይመዝገብልኝ። ጉልበቷ ይቆይ። ሁሉም እንዳለ ይቆይ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከጋሽ ወልደሰንበት በቀር።

የልዩነት ሐሳብ ምን እንደሆነ ባለጉዳይ ሁሉ ያውቃል። አንድ አባል እንኳ የልዩነት ሐሳብ ካስመዘገበና ሠሪው በዚያ ከጸና፣ አብላጫው ምንም ቢል ሥራው ሳይነካ ያልፋል። ግን የልዩነት ሐሳብ የሰው መብት ብቻ ነው። ከምስሉ ጀርባ ሰው ከሌለ፣ በእሱ የጸና ሠሪ እንደወደቀ ይቆጠራል። መጠየቅ ደግሞ አይቻልም።

«ወይዘሪት ራኬብ» አሉ አቶ ደቻሳ፣ «በልዩነት ሐሳቡ ትጸኛለሽ ወይስ በአብላጫው ትስማሚያለሽ?»

አሰብኩ። ለማሰብ አንድ ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። ከአምስቱ አንዱ ሰው አይደለም። አራቱን ለክቼ ጨርሼአለሁ፤ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዷ ቆሎ ትበላለች፣ አንዱ የተባለውን ይደግማል፣ አንዱ ይተኛል። ይህቺ ደግሞ አርባ ደቂቃ ዓይኗን ከሥራው ላይ አላነሳችም። አንድ ጊዜ እንኳ ከአጀንዳ አልወጣችም። ከአጀንዳ ያልወጣ ሰው በዚህ ከተማ የስብሰባ ታሪክ የት ታይቶ ያውቃል? ሥራዬን ሙሉ በሙሉ አይታለች፤ ማን ሰው ነው የሰውን ሥራ እንደዚያ የሚያየው? «ልክ ነሽ» ያለችውም መዝገብ አመሳክራ መሆን አለበት። የልዩነት ሐሳብ የሰጠችው ደግሞ ስብሰባው እውነተኛ እንዲመስል ነው፤ ለዚያ ነው የሚያስቀምጧቸው።

በልቤ አንቱታውን ነጠቅኳት።

«በአብላጫው እስማማለሁ» አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ። «አስበሽበት ነው?»

«አስቤበት ነው።»

«እሺ» አሉ፤ እጃቸውን ከእትዬ ጥይት ላይ አነሱ።

ተጨበጨበ። ጋሽ ወልደሰንበት በጭብጨባው ነቅተው አብረው አጨበጨቡ። በልዩ ልዩ ሥር ስለ አዳራሹ መጋረጃ ተወያዩ። እኔ የሠሪነት ፈቃዴን ከነማኅተሙ ይዤ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ፈቃድ ያገኘሁ በከተማችን የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እስከ ባጃጁ ድረስ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የሄድኩት። ባጃጁ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ነው ለእትዬ ትርሲት የምለው የጠፋኝ።

ሱቅ ገብቼ አሳየኋቸው። ወይዘሪት ሰላም ስትሮጥ አዩዋት፤ ጆሮዎቿ ተገልጠው፣ ጠመንጃዋ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ጉልበቶች።

«ይህቺን አላውቃትም» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ።

ወይዘሪት ሰላም በገባች በመጀመሪያው ቀን በከተማዋ ሰዎች እጅ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ሞተች። ጠመንጃውን ከመሬት ቀና እስክታደርግ ድረስ ጠላት ተኩሶ ጨርሶ ይሄዳል። በሞተች ቁጥር ስክሪኑ ላይ በትልቁ የሚወጣ ጽሑፍ አለ፤ የሠሪውን መብት ለማክበር ተብሎ የተደነገገ ነው፦ «ሠሪ፦ ራኬብ ይፍሩ»። በወሩ መጨረሻ ሃያ አራተኛ ሆንን። የማክሰኞው ውሃ ቀረ። ዓርብ ዓርብ የጀሪካን ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት ዞር ብለው «ወይዘሪት ሰላም፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል፤ ከኋላዬ ያሉት «ተዋት፣ እንዳትሞት» ይላሉ። ወጥ የሚያማስሉት ጎረቤታችን ብቻ ናቸው ያላሾፉብኝ። «ወጤ ማረሩን ተወ» አሉኝ፤ እሱ ባሰብኝ።

አንዴ ያለፈ ገጸ ባሕርይ ተመልሶ አይገመገምም፤ እንደ መጨረሻው ቅርጹ ይታሸጋል። እትዬ ጥይት ልኬት ማሽናችን ውስጥ ቀረች። አንዳንዴ ሱቁ ጭር ሲል አስነሳታለሁ፤ በጨርቅ ጥቅልሎቹ መሃል እያነከሰች ትሄድና ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ፈቃዴን እትዬ ትርሲት የአዝራር መሳቢያው ጀርባ ሰቅለውታል። ወሬያቸውን ግን አልተዉም። «ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሰው አይደለም አሉ» ሲሉ «አውቃለሁ፣ ለይቼዋለሁ» እላቸዋለሁ። ያቺ መልስ ብቻ ነበረች የቀረችኝ ኩራት።

በአራተኛው ወር፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በራችን ላይ አንዲት ሴትዮ ቆሙ። ሱቃችን ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። ሴትዮዋ የበሩን መቃን በቀኝ እጃቸው ያዙ፣ ጎናቸውን ሰጡ፣ ግራ እግራቸውን ሳያጥፉ አስቀደሙና አንድ ደረጃ ወረዱ። ዐረፉ። ሁለተኛውን ወረዱ። እኔ ከአካሄድ ነው ሰው የማውቀው፤ ፊታቸውን ያየሁት ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ነበሩ። በአካል። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበረ።

«ቀሚሴ በግራ በኩል ይጎተትብኛል» አሉ። «የትም ሰፊ ጋ ብወስደው ዙሪያውን እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ በእኔ ላይ እኩል አይሆንም። ያቺን ሴትዮ የሠራች ልጅ ይገባታል ብዬ ነው።»

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ተንበረከክሁ። ግራ እግራቸው ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል። የጫማቸው ሶል በውጭ በኩል አልቋል፤ እኔ እትዬ ጥይት ላይ አልቆ እንዲታይ ባደረግሁበት በኩል። መርፌዎቹን አፌ ውስጥ አድርጌ ጫፉን መሰካት ጀመርኩ፤ አፌ ውስጥ መርፌ በመኖሩ ደስ አለኝ።

እትዬ ትርሲት ከመኪናቸው ተነስተው፣ እያነከሱ መጡና ከሴትዮዋ ጎን ቆሙ። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ተያዩ። እትዬ ትርሲት ደንብ የሚባል ነገር አይገባቸውም።

«እርስዎ ከገምጋሚዎቹ ነዎት አይደል? ከእናንተ አንዱ ሰው አይደለም ይላሉ። እውነት ነው?»

ወይዘሮ ስንዱ ሳቁ። ቀሚሱ በሳቃቸው ተንቀሳቅሶ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ማን ነው አንዱ ያለው?»

«ሰዎች ናቸዋ» አሉ እትዬ ትርሲት።

«አቶ ደቻሳ ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ ነው ያሉት» አሉ ወይዘሮ ስንዱ፣ እኔን ቁልቁል እያዩ፣ ለእኔ እንደሚናገሩ ሁሉ በዝግታ። «ወይዘሮ ጀሚላም፣ አቶ ኃይለልዑልም በየፊናቸው ሄደዋል። ጋሽ ወልደሰንበትን ከቀበርናቸው ስምንት ዓመት ሆነን። ስልኩም፣ ቆሎውም፣ ማንኮራፋቱም ከድሮ ስብሰባዎች የተቀዳ ነው፤ አንዱም አልተቀነሰላቸውም። እኔ ብቻዬን መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው።»